ፈተናውን ደፍኖ ዋርድ ላይ የሚጮህ ተማሪ፦ ከደብረ ብርሃን የተነሳ አንድ ክር

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱን፣ የከፈተችው ደብረ ብርሃን ውስጥ የነርሲንግ ተማሪዎችን ይዛ ዋርድ (የታካሚዎች መኝታ ክፍል) የምትወጣ መምህርት ናት። የታካሚን ምስጢር ስለመጠበቅ ክፍል ውስጥ አስተምራለች። ተማሪዎቹም ፈተናውን ደፍነዋል። ልምምድ በወጡ በመጀመሪያው ጠዋት ግን አንዱ ተማሪ ስድስት አልጋ ያለው ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ ወዲያ ጥግ የተኛችውን ሴት የኤችአይቪ መድኃኒቷን መውሰድ አለመውሰዷን ጮክ ብሎ ጠየቃት። ጠያቂ ቁርስ የሚያስገባበት ሰዓት ነበር። ምሳ ዕቃ ያንጠለጠለ ሁሉ ዞር አለ። ሴትየዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሰው ተጠራርጎ እስኪወጣ ድረስም አልገለጠችውም።

መምህርቷ ልጁ ባለጌ እንዳልሆነ ጽፋለች። እንዲያውም ከጎበዞቹ አንዱ ነው። ግራ የገባት፣ ወረቀት ላይ የሚያውቀውን ነገር አልጋው ጋ ሲደርስ የት እንደሚጥለው ነው። ሌሎች መምህራን ይህን ነገር ዋርድ ላይ እንዴት እንደሚያስተምሩ ጠየቀች።

መልሱ ጎረፈ። ሁሉንም አልተርክም፤ አንዳንዱ መዝለል የሚገባው ነው።

1ኛው ሰላምታና ምስጋና ብቻ ነው። 2ኛው ሕግ የሚያውቅ ሰው ይመስላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር እንደሚደነግግ አስታወሰ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን እንደሚያስቀጣና ነርሶችም ከተጠቀሱት ባለሙያዎች መካከል እንዳሉ ዘረዘረ። ከዚያ ወደ ናይቲንጌል ቃለ መሐላ ተሻገረ። መሐላው በ1893 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ የተዘጋጀ ነው። የታካሚውን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡንም ጉዳይ በምስጢር ለመያዝ ቃል ያስገባል። የሰውየው መፍትሔ ባጭሩ ተማሪው ሕጉን አውቆ ይፍራ የሚል ነው። ዐቃቤ ሕግ ማንንም ሳይጠብቅ እንደሚከስም ጨመረበት። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ኋላ ላይ ጣጣ አመጣችበት።

3ኛው ሁለት መስመር ነው፤ ግን ነካ ያደርጋል። ተማሪ ሻማ አብርቶ የሚምለው ሲመረቅ መሆኑን፣ የሰው ገላ የሚነካው ግን ከዚያ በፊት መሆኑን ጠቆመ። እስኪምል ድረስ በምን ሊያዝ ነው ታዲያ?

ለእኔ የክሩ ቁም ነገር 4ኛው ላይ ነው። የጻፈችው ለብዙ ጊዜ የስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ያሠራች ነርስ ናት። እሷ ችግሩ ዋርድ ላይ አይጀምርም ባይ ናት። ተማሪው ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት የሚለማመደው በአሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊቷ ጠረጴዛ ላይ ራቁቷን ተጋድማለች። ሁለት ተማሪዎች እግሯን ከፍተው፣ ስለ ትናንቱ የእንግሊዝ ኳስ እያወሩ ይሠራሉ። መምህሩ የሚያየው የጓንት አደራረጋቸውን፣ ንጽሕናቸውንና የቱቦውን መግባት ነው። ያ እጅ ዋርድ ሲወጣ ያንኑ ይደግማል። ሰው ራቁቱን ተኝቶ ማየት ለዓይኑ አዲስ አይደለማ!

ስለዚህ እሷ አሻንጉሊቷን ከአንገት እስከ እግር አንሶላ አለበሰቻት። ተማሪው ገብቶ ጤና ይስጥልኝ ይላል፤ ስሙን ይናገራል፤ ተማሪ መሆኑን ይገልጻል። ምን ሊሠራ እንደሆነ አስረድቶ ፈቃድ ይጠይቃል። ስክሪን (አልጋ መከለያ) ይስባል። የሚፈለገውን ቦታ ብቻ ይገልጣል፤ ሲጨርስ መልሶ ይሸፍናል። አንዱን የዘለለ እንደገና ከበር ይጀምራል። መጀመሪያ ሰሞን ሳቅ በሳቅ ነበር፤ ለፕላስቲክ እማማ እንደምን አደሩ ማለት ያስቃል። በኦስኪ፣ በተግባር ፈተናው፣ ላይ ነጥብ ሲያዝበት ግን ሳቁ ቆመ።

5ኛውን የጻፈው ተማሪ ነው፤ ቅር ብሎታል። ሁሉም ጣት የሚቀስረው ወደ ተማሪ መሆኑ አልተዋጠለትም። እሱ ያለበት ዋርድ አንድ ስክሪን አለው። የአንዱ እግር ጎማ ወልቋል፤ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆመው ተማሪ ከመብዛቱ የተነሳ ኋላ ያለው ምንም አያይም፣ ፊት ያለው መላወሻ የለውም። ራውንድ ላይ፣ ታካሚ በየአልጋው እየተዞረ ሲታይ፣ ደግሞ ሐኪሙ ኋላ ላሉት እንዲሰማ ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የታካሚዋ ታሪክ ከነውርጃዋ ለክፍሉ ሁሉ ይነበባል። ታላላቆቹ እንዲህ እያደረጉ ትንሹን ዝም በል ማለት ምን እንደሚባል ጠየቀ። እኔ መልስ የለኝም። ልጁ ልክ ነው።

6ኛዋ ከመንዝ፣ ከመሃል ሜዳ የጻፈች አዋላጅ ናት። ለልጁ በእህትነት መለሰችለት። እሷም ስክሪን በሌለበት ጤና ጣቢያ ሠርታለች። መላው ቀላል ነው፦ የመንዝ ሰው ያለ ጋቢ ከቤቱ አይወጣም። ሁለት ሴት አስታማሚዎች ጀርባቸውን ወደ አልጋው ሰጥተው፣ አንድ ጋቢ በአራቱ ጫፍ ወጥረው ይይዛሉ። መዞር የለም። አንዴ አንዲት አማት የምራቷን ምጥ ለማየት አንገቷን ስትጠመዝዝ፣ ምራቲቱ እያማጠች እማማ ዙሩ ብላ እንደገሠጸቻት ጽፋ አሳቀችን። 7ኛው ጋቢ ከሌለ ባናም (የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ) እንደሚሠራ አክሎ አለፈ።

8ኛው ግን ለሳቅ ቦታ የለውም። በነገሩ ቱግ ያለ ሰው ነው። ጋቢ ዓይን እንጂ ጆሮ እንደማይዘጋ ጻፈ። አስተማሪዎች መጋረጃ ከተሳበ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስላቸዋል። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ የወር አበባዋን፣ የወንድ ጓደኛዋን ብዛት፣ የመጠጥ ልማዷን በሙሉ ድምፅ ይጠይቃሉ። እሱ የሚለው እንዲህ ነው፦ መራመድ የምትችል ታካሚ ሂስትሪዋ (የሕመም ታሪኳ) ቁስል ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ይወሰድ። መራመድ የማትችል ከሆነ ተማሪው ወንበር ስቦ ጆሮዋ አጠገብ ይቀመጥ። አሳፋሪው ጥያቄ አስታማሚ ለውኃ ሲወጣ ይጠየቅ። አስታማሚም ራሱ እንዲወጣ በጨዋ ደንብ ይለመን፤ እናት ናት፣ ባል ነው ተብሎ አይታለፍ። ቃሉ መራራ ነው፤ የተናገረው ግን ሁሉ የሚሠራ ነው።

9ኛው መልስ ላይ ቆም እንበል። ጸሐፊዋ ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን በዶልፊን ስትመጣ የሆነ ነው። ከፊቷ ወንበር ነጭ ጋዋናቸውን ያጠፉ ሦስት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ስለ አንዲት ታካሚ ያወራሉ። ስሟን አልጠሩም፤ በዚህ ተጠንቅቀዋል። መምህርት መሆኗን፣ ከየትኛው የገጠር ቀበሌ እንደመጣች፣ ባሏ አይሱዙ እንደሚነዳ፣ ማህፀኗ እንደወጣ ግን ተነጋገሩ። በዚያ ቀበሌ ትምህርት ቤት ባሏ አይሱዙ የሚነዳ ስንት መምህርት ትኖራለች? ከኋላ ወንበር የሴትየዋ ባል እህት ነበረች። ማህፀኗ መውጣቱን ቤተሰቡ አያውቅም። ጣርማበር ሳይደርሱ ስልኳን አወጣች።

ብዙ ሰው ስም ካልጠራ ምስጢር የጠበቀ ይመስለዋል። አዲስ አበባ ላይ ምናልባት። እዚህ ግን ሥራና ቀበሌ ከተነገረ ስም ትርፍ ነው። ለኬዝ ፕረዘንቴሽን፣ ተማሪ የታካሚን ታሪክ ለሚያቀርብበት፣ የሚጻፈውም ወረቀት እንደዚያው ነው። የስም ፊደል አሳጥሮ ቀበሌውን፣ ሥራውን፣ የገባችበትን ቀንና የካርድ ቁጥሩን እንዳለ መተው ምን ዋጋ አለው?

10ኛው ታሪኩን ተረት ነው ብሎ አጣጣለው። 11ኛው ግን ፋርማሲስት ነኝ ባይ ነው፤ አጠገባቸው ያለውን ጤና ተቋም ትተው፣ የትራንስፖርት ከፍለው ሌላ ከተማ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች እንደሚያውቅ ጻፈ። የሚሸሹት መድኃኒቱን ሳይሆን የሰፈር ልጅ ጋዋን ለብሶ እንዳያያቸው ነው። ገንዘብ ያጡ ቀን መድኃኒቱ ይቋረጣል። ቫይረሱ ደግሞ የታሪፍ ጭማሪ አይገባውም።

ከ12ኛው እስከ 14ኛው ጉድ ነው። ታሪፍ የምትለዋ ቃል በቅታ ሰዉ ስለ ሚኒባስ ትርፍ ጭነት፣ ስለ ጣርማበር ጉም፣ ጣልያን በወረራው ዘመን ስላስቆፈረው ዋሻ መከራከር ጀመረ። አንዱ የአያቱን የጉልበት ሥራ ታሪክ ይዞ ገባ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም።

15ኛው ላይ መምህርቷ ራሷ ተመልሳ መጣች። በትሕትና ነገሩን ወደ ቦታው መለሰችና ስለ ስልክ ጠየቀች። 16ኛው ቁርጥ ያለ ነው፦ ስልክ ዋርድ በር ላይ ይሰብሰብ። 17ኛው ያው የ5ኛው ተማሪ ነው። የመድኃኒት መጠን የሚያሰላበት፣ መመሪያ የሚያነብበት፣ መጽሐፉ ስልኩ መሆኑን አስረዳ። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው አንድ ቅጂ ሁሌም በሌላ ሰው እጅ ነው።

18ኛው መሐል ገባ። ስልክ ይግባ፣ ካሜራ አይውጣ። የቁስል ፎቶ ለትምህርት ካስፈለገ ታካሚው በጽሑፍ ይፈቅዳል፤ ፎቶውንም መምህሩ ያነሳል፤ ተማሪ አያነሳም። ኤክስሬይ ጥግ ላይ ስም እንዳለ ብዙ ተማሪ ልብ አይልም። ቴሌግራም ግሩፕ የገባ ፎቶ በሠላሳ ሰው ጋለሪ ውስጥ በራሱ ይቀመጣል። ያ ስልክ ማታ ቤት ታናሽ ወንድም እጅ ይገባል፤ ጌም ሊጫወትበት። ጸሐፊው የዓለም አቀፉን የነርሶች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብም ጠቀሰ። ደንቡ እንደ ፈረንጆች በ1953 ወጥቶ በ2021 ሲከለስ፣ መረጃ መሰብሰብን፣ ማስቀመጥን፣ ማስተላለፍን ሁሉ በምስጢር ጥበቃ ሥር አስገብቷል። የእኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይቆጥረዋል።

19ኛው እንግዲህ 2ኛውን ለማረም የመጣ ነው። አንቀጽ 399 በግል አቤቱታ የሚያስከስስ እንጂ ዐቃቤ ሕግ ብድግ ብሎ የሚከስበት አለመሆኑን ጻፈ። ምስጢሩም ፍጹም የተዘጋ አይደለም፤ ታካሚው ሲፈቅድ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ይከፈታል። ተማሪን በሌለ ሕግ ማስፈራራት ሌላ ጥፋት ነው ባይ ነው። 2ኛው በዚያው ጠፋ። ከዚያ በኋላ አልታየም።

20ኛውን የጻፉት ከእነዋሪ ናቸው፤ አንድ አዛውንት። ልጆቼ ብለው ነው የጀመሩት። ሟች ባለቤታቸው ካንሰር ሲገኝባቸው ሐኪሙ ለበኩር ልጃቸው ኮሪደር ላይ ነገረው። ቤተሰቡ መክሮ ለታማሚዋ ሳይነግር ኖረ። በአገራችን ወግ ክፉ ወሬ ለታማሚ እንደማይነገር፣ ይህ ከፍቅር እንጂ ከንቀት እንዳልሆነ አስረዱ። የአሁን ልጆች ምስጢር የሚሉት ከቤተሰብም ነው ወይ ብለው በቅንነት ጠየቁ።

21ኛው ወጣት ለአባት የማይባል ነገር ተናገረ። ሴትየዋ አእምሯቸው ሙሉ እያለ የራሳቸውን ሞት ከራሳቸው ደበቃችሁ የሚል ይዘት ያለው ነው። 22ኛዋ ልጁን ገሠጸችው፤ ጋሼንም ይቅርታ ጠየቀችላቸው። ከዚያ ግን የልጁን ሐሳብ ራሱን በለሰለሰ ቃል ደገመችው። ተማሪዎቿን የምታስተምረው እንዲህ ነው፦ ታካሚውን ማን አብሮ እንዲሰማ እንደሚፈልግ አስቀድሞ መጠየቅ። ለልጄ ንገሩት ካለ፣ ለልጁ ይነገራል። የቤተሰብ ወግም ተከበረ፣ ሰውየውም ባለቤት ሆነ። አዛውንቱ ለዚህ ምርቃት ጻፉ፤ ለ21ኛው ግን ምንም።

23ኛው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ይዞ መጣ። ምስጢር የሚባለው ነገር ራሱ ሰውን ይጎዳል ለማለት ነው። 24ኛው አልማረውም። ተረቱ በሽታህን ለመድኃኒተኛው ንገር ይላል፤ ለመንደሩ ንገር አይልም። እንዲያውም ሰው ለሐኪሙ የሚደብቀው ወሬው መንደር እንደሚደርስ ሲያውቅ ነው። እኔ በዚህ ክርክር 24ኛውን አጨበጨብኩለት።

25ኛዋ የጤና ባለሙያ አይደለችም። የመጀመሪያ ልጇን በአንድ ሆስፒታል የወለደች እናት ናት፤ የትኛው እንደሆነ አልተናገረችም። ምጥ ላይ እያለች ነጭ ጋዋን ዙሪያዋን ሞላው። ማን ሐኪም፣ ማን ነርስ፣ ማን ተማሪ እንደሆነ አታውቅም። ሁሉንም ዶክተር እያለች ጠራች። ተራ በተራ ሲመረምሯት ማንም አልጠየቃትም። እምቢ ብትል እንደማትታከም ነበር የመሰላት። አንዲት ልጅ ብቻ ተማሪ መሆኗን ነገረቻት። አንሶላውን ወደ ጉልበቷ መለሰችላት፤ ልትነካት ስትል ህመሙ እስኪያልፍ ጠብቃ ፈቃዷን ጠየቀቻት። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊቷ የሚታወሳት የዚያች ልጅ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ተመልካች ሆነ። ክሩ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ ቆየ። 26ኛው ላይ መምህርቷ መለሰች፤ በመጀመሪያ ለእናቲቱ ይቅርታ ጠየቀች፣ የእሷ ሆስፒታል ባይሆንም። ከዚያ የምታደርገውን ጻፈች። ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት ብቻዋን ገብታ ታካሚዋን ትጠይቃለች። ተማሪ ፊት ሆኖ መጠየቅ እምቢታን እንደሚያሳፍር ገብቷታል። እምቢ ብትል ሕክምናዋ እንደማይጓደል በግልጽ ትነግራታለች። አልጋው ጋ ከሦስት በላይ ተማሪ አይቆምም፤ የቀረው ውይይት በር በተዘጋ ክፍል ይሆናል። የጮኸውንም ልጅ ሴትየዋ ጋ ወስዳ ይቅርታ እንዲጠይቅ ለማድረግ አስባ ነበር። ግን ሰው በተሰበሰበበት ይቅርታ መጠየቅ ያንኑ ምስጢር ድጋሚ ማውጣት ይሆንባታል። ሴትየዋ ፈቃደኛ ከሆነች ብቻ፣ ለብቻቸው ይሆናል።

ይህቺን ማሰቧ ትልቅ ነገር ነው። ስንቱ መምህር እዚህ ላይ ይስታል።

27ኛው አሁንም ያ ተማሪ ነው። በዚህኛው ለስለስ ብሏል። አንሶላውንም፣ ፈቃዱንም፣ ወንበር መሳቡንም እንደሚሞክር ቃል ገባ። የቀረችው ጥያቄ ግን ከባድ ናት። ታካሚዋን ከወዲያ ማዶ የሚጣራው የዋርዱ ነርስ ራሱ ከሆነስ? ሎግ ቡኩ (የልምምድ መዝገቡ) ላይ የሚፈርምለት ያው ነርስ ነው። ዛሬ ቢናገረው ነገ ፊርማው ይቀራል፤ ፊርማ ከሌለ ኮርሱ የለም።

28ኛው ለመምህሩ በጆሮው ንገር ብሎ መከረ። 29ኛው መምህሩም ከዋርዱ ኃላፊ ጋር በየዓመቱ ለምደባ ቦታ ስለሚለማመጥ እንደማይናገር አፌዘ። 30ኛዋ፣ የ4ኛዋ የስኪል ላብ ነርስ፣ የታካሚን ክብር የሚመለከተው ገጽ ከዋርዱ ነርስ ሳይሆን ከመምህሩ ፊርማ እንዲያገኝ ሐሳብ አቀረበች። 31ኛው ዲፓርትመንቱ ያለ ዋርድ ፊርማ አይቀበልም አለ። እሷም በ32ኛው ሁለቱም ይፈርሙ ብላ፣ አንሶላው ከመገለጡ በፊት የሚታዩትን ነጥቦች በአማርኛ የጻፈችበትን ቅጽ ለመምህርቷ ልካለች። መምህርቷ በሚቀጥለው የዲፓርትመንት ስብሰባ ልታቀርበው ነው።